ኑጉ ሲያብብ መርጫው ይቀመጥ

ጥቅምት ሲጠባ የሜጫ መሬት ቢጫ ይለብሳል። ሌላው ሰብል ውኃ በዝቶበት በሚሞትበት ጥቁር አፈር ላይ እንኳ ኑጉ አድጎ ያብባል። እኔ በዚህ አካባቢ የግብርና ልማት ሠራተኛ ነኝ። አጨዳ በደረሰ ቁጥር ከገበሬዎች የምሰማው ጥያቄ አለ፦ አበባው እንዲያ አምሮ ሳለ ፍሬው ለምን ሳሳ? አንዱ ውርጭ ነው ይላል፤ ሌላው መሬቱ ደክሞ ነው ይላል። ሁለቱም እውነት የሚሆኑበት ጊዜ አለ። እኔ ግን አስቀድሜ የምጠይቀው፣ ሲያብብ ንብ ነበረበት ወይ ብዬ ነው።

ነገሩን ለመረዳት አንድ የኑግ አበባ ቆርጦ ቀረብ አድርጎ ማየት ይበቃል። አንድ አበባ የሚመስለን የብዙ አበቦች ስብስብ ነው። ዙሪያውን የተዘረጉት ስምንት ያህል ቢጫ ቅጠሎች እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ ሴቴ አበቦች ናቸው። መሐሉ ላይ ደግሞ ከ40 እስከ 60 የሚደርሱ ጥቃቅን አበቦች ታጭቀዋል። እነዚህ ወንዴውንም ሴቴውንም ክፍል የያዙ ሲሆኑ፣ ከዳር ወደ መሐል በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያሉ ይከፈታሉ። ወንዴው ክፍል ቢጫውን የአበባ ዱቄት ያወጣል። ዱቄቱ የሴቴው ክፍል ጫፍ ላይ ሲያርፍ ቀጭን ቱቦ አብቅሎ ወደ ውስጥ ይወርዳል፤ ከሥር ካለው እንቁላል ጋር ሲገናኝ ፍሬ ይጀመራል። ከእያንዳንዷ ትንሽ አበባ የሚጠበቀው አንድ ፍሬ ነው።

የኑግ ልዩ ጠባይ እዚህ ላይ ይመጣል፤ የራሱን ዱቄት አይቀበልም። ወንዴና ሴቴው ጎን ለጎን ቢሆኑም፣ ከዚያው ተክል የመጣ ዱቄት ፍሬ አያስይዝም። ከሌላ የኑግ ተክል መምጣት አለበት። ዱቄቱ ደግሞ የሚያጣብቅ ስለሆነ ለነፋስ አይመችም። የሚያሻግሩት ነፍሳት ናቸው፤ ከነፍሳቱም ዋናዋ የማር ንብ ናት።

ይህን በቃል ብቻ ብናገር የሚያምነኝ ጥቂት ሰው ነው። ስለዚህ ከገበሬዎቹ ጋር ሆነን ገና ያልፈኩ የኑግ እምቡጦችን በአሮጌ አጎበር ቁራጭ ሸፍነን ግርጌውን በክር እናስራለን፤ አጠገባቸው ያሉትን ክፍት እንተዋቸዋለን። ሲደርቁ ሁለቱንም መዳፋችን ላይ እናሻቸዋለን። ክፍት የነበረው ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ ፍሬ ያወርዳል። የተሸፈነው አብዛኛው ባዶ ገለባ ነው። አንድ ሽማግሌ ፍሬውን እያገላበጡ፣ «ልጄ፣ እኔስ ንቡ ኑጉን የሚመጠው ይመስለኝ ነበር። ስለ ቀፎው ጎረቤቴን ስንት ጊዜ ተቀይሜዋለሁ» አሉኝ። እንደ እሳቸው የሚያስብ ብዙ ነው። ንቧ የምትወስደው ግን ወለላና ዱቄት ነው። አበባው ወለላውን የሚያመነጨው እሷን ለመጥራት ነው፤ ዱቄቱንም አትረፍርፎ ስለሚያዘጋጅ በወሰደችው አይጎድልበትም።

ንብን ለዚህ ሥራ ብርቱ የሚያደርጋት ጠባይዋ ነው። ከቀፎ ወጥታ እስክትመለስ በአብዛኛው የምትጎበኘው አንድ ዓይነት አበባ ብቻ ነው። ኑግ ከጀመረች ከኑግ ወደ ኑግ ትሄዳለች። አጠገቡ አደይ አበባ ቢኖርም አልፋው ትሄዳለች። በዚህ ምክንያት ፀጉራም ገላዋ ላይ የተጣበቀው ዱቄት የሚፈልገው አበባ ላይ ይደርሳል። እኛም ኅዳር ላይ ከቀፎው የምንቆርጠው ማር ከዚሁ አበባ የመጣ ነው።

ተክል ሁሉ ግን ንብ አይጠብቅም። በቆሎ ነፋስ ይበቃዋል። አናቱ ላይ ያለው ወንዴ አበባ ዱቄቱን ሲያራግፍ ነፋስ ይዞት እሸቱ ጫፍ ላይ የተንጠለጠለው ፀጉር ላይ ያሳርፈዋል። እያንዳንዱ ፀጉር ከአንድ ፍሬ ጋር የተያያዘ ነው፤ ዱቄት ያልደረሰው ፀጉር ቦታው ባዶ ይቀራል። በቆሎን በአንድ ረጅም መስመር ከመዝራት ይልቅ ብዙ መስመር ጎን ለጎን አድርጎ መዝራት የሚሻለው ለዚህ ነው። ዱባ ወንዴና ሴቴ አበባው ለየብቻ ነው። መጀመሪያ የሚያብቡት በአብዛኛው ወንዴዎቹ ስለሆኑ ፍሬ ሳይዙ ቢረግፉ አያስደነግጥም። የሾላ አበባ ደግሞ ፍሬ የሚመስለን ነገር ውስጥ ተደብቆ ስለሚያብብ፣ በጠባቧ ቀዳዳ ሾልካ የምትገባ ደቃቅ ተርብ ካልሆነች ማንም አይደርስበትም።

ጤፍ ከሁሉም ይለያል፤ ራሱን በራሱ ያዳቅላል። አበባው የሚከፈተው ማለዳ ለአጭር ጊዜ ብቻ በመሆኑ ሁለት ዝርያ ማዳቀል ለተመራማሪዎች የማይቻል መስሎ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዶክተር ታረቀ በርሄ ያንን የማለዳ ሰዓት ለዩ። በዚሁ መንገድ በደብረ ዘይት የተዳቀለው «ቁንጮ» የተባለው ዝርያ በ2006 እ.ኤ.አ. ለገበሬ ወጣ። የአበባን ጠባይ በቅጡ ማወቅ እንጀራችን ላይ ይደርሳል ማለት ነው።

ወደ ኑጉ ልመለስ፤ የሚያሳስበኝ እሱ ነውና። ኑግ ላይ ፀረ-ተባይ የሚረጭ ሰው እምብዛም የለም። ነገር ግን ንብ ለቀሰም ሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። ጎረቤት ማሳ ላይ በጠራራ ፀሐይ የተረጨው መድኃኒት፣ እዚያ ውስጥ ያበበ አረም ካለ፣ ያገኛታል። ቀፎ ደጃፍ ላይ የረገፈ ንብ ሲታይ ሁሉም የሚያዝነው ለባለ ቀፎው ነው። ኪሳራው ግን የኑጉ ባለቤትም፣ ዘይት ገዝቶ የሚበላው ከተሜም ነው።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ያበበ ነገር ባለበት አለመርጨት ይቅደም። መርጨት ግድ ከሆነ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ ንብ ቀፎዋ ስትገባ ይሁን። ባለ ቀፎው ቀድሞ ይነገረው። የማሳው ጠርዝ ሁሉ አይታረስ፤ ጣዝማን ጨምሮ መሬት ውስጥ የሚኖሩ የዱር ንቦች ጎጇቸው እዚያ ነው፣ እነሱም ከአበባ አበባ እየዞሩ ይሠራሉ።

እኛ ባለሙያዎችም የሚቀረን አለ። ማዳበሪያው ስንት ኩንታል፣ ምርጥ ዘሩ ስንት ኪሎ እያልን እንመዘግባለን። በኑግ ማሳ ዙሪያ ስንት ቀፎ እንዳለ፣ የጎደለው የት እንደሆነ አብረን መመዝገብ አለብን። ንብ የማር ጉዳይ ብቻ ሆና እስከ ቆየች ድረስ ባለ ቀፎውና ባለ ማሳው ሲጣሉ ይኖራሉ። የዘር ጉዳይ መሆኗን ሁለቱም ሲያውቁ ግን ገበሬው ራሱ ጎረቤቱን «ቀፎህን ወደ እኔ ማሳ አስጠጋልኝ» ብሎ ይለምናል፤ ሊለምንም ይገባዋል።