ውሃ የከበባት ከተማ እሳት አጥፊዎች

ኦስታሽኮቭ ሦስት ጎኗ ውሃ ነው። ከሞስኮ በስተሰሜን ምዕራብ፣ በትቬር ግዛት፣ ወደ ሴሊገር ሐይቅ ገባ ባለ መሬት ላይ ተቀምጣለች። እንዲህ ያለችን ከተማ እሳት የሚያሰጋት አይመስልም። ነገር ግን ውሃ ከሐይቁ ተነሥቶ ጣሪያ ላይ አይወጣም፤ የሚቀዳው፣ የሚጭነው፣ ሮጦ የሚያደርሰው ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው ማን ይሁን? ሩሲያ ይህን ጥያቄ ለመመለስ ዘመናት ፈጅቶባታል።

ቤቱ እንጨት፣ አጥሩ እንጨት፣ ክረምቱ ደግሞ ያለ ምድጃ የማይታለፍ ነው። ዛር አሌክሲ በ1649 (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለሞስኮ ባወጣው ትእዛዝ፣ በሙቀት ወራት ቤት ውስጥ ምድጃ ማንደድ ተከለከለ፤ ከየ10 ቤቱም አንድ ሰው መጥረቢያና የውሃ መርጫ ይዞ ለዘብ እንዲወጣ ታዘዘ። ትእዛዙ ጥሩ ነበር። ሸክሙ ግን የወደቀው ቀን ሲሠራ ውሎ ሌሊት ዘብ በሚያድረው ባለቤት ጫንቃ ላይ ነው።

ይህን ሸክም ያነሣው ቀዳማዊ አሌክሳንደር ነው። በ1802 መጨረሻ ለሴንት ፒተርስበርግ ቋሚ የእሳት አደጋ ጓድ እንዲቋቋም አዘዘ፤ ሞስኮ በ1804 ተከተለች። ጓዱ የተሞላው ለጦር ግንባር ብቁ ባልሆኑ ወታደሮች ነበር። ስለ ፓምፑና ስለ ፈረሱ ብዙ ይወራል፤ ለእኔ ግን ትልቁ ለውጥ ነዋሪው ከሌሊት ዘብ ነፃ ወጥቶ እንቅልፉን መተኛቱ ነው። እሱ ሲተኛ ማማው ላይ የቆመ ሰው ከተማዋን ይቃኛል። ጭስ ካየ ቀን ጥቁር ኳሶችን፣ ሌሊት ፋኖሶችን ይሰቅላል፤ የኳሶቹ አሰቃቀል እሳቱ በየትኛው ሰፈር እንደተነሣ ይናገራል። ከሥር በርሜል የጫኑ ጋሪዎች ይወጣሉ። ሞስኮ ውስጥ የየሰፈሩ ጓድ ፈረሶች ቀለም የተለያየ ስለነበር፣ መንገደኛው ከሩቅ አይቶ የማን ጓድ እንደሆነ ያውቅ ነበር።

አነስተኛ ከተሞች ግን ቆዩ። መንግሥት ለእነሱ የሰው ኃይል ሠንጠረዥ ያወጣው በ1853 ነው፤ እስከ 2,000 ሰው ለሚኖርባት ከተማ የተመደቡት እሳት አጥፊዎች 5 ብቻ ነበሩ።

ኦስታሽኮቭ ይህን አልጠበቀችም። በ1843፣ ሠንጠረዡ ከመውጣቱ 10 ዓመት ቀድማ፣ የራሷን ነዋሪዎች ያሰባሰበ ጓድ አቋቋመች። በሩሲያ የመጀመሪያው የበጎ ፈቃድ የእሳት አደጋ ጓድ ተብሎ የሚቆጠረው ይህ ነው። ከተማዋ በቆዳ፣ በጫማና በዓሣ የምትኖር ነበረች። ጎረቤቱ ሲቃጠል ቀጥሎ የሚነደው የራሱ ቤት መሆኑን የሚያውቅ ሰው የሚሮጠው ሩጫ፣ ታዞ የመጣ ወታደር ከሚሮጠው ይለያል።

ታሪኩን አሳምሬ ማለፍ ግን አልፈልግም። ከጓዱ ጀርባ የሳቪን የነጋዴ ቤተሰብ ነበረ፤ የቆዳ ፋብሪካውም፣ በ1818 የተከፈተው የከተማው ባንክም በእጁ ነበሩ። በ1860ዎቹ መጀመሪያ ደራሲው ቫሲሊ ስሌፕትሶቭ ኦስታሽኮቭን ጎብኝቶ የጻፋቸው ደብዳቤዎች፣ ከቤተ መጻሕፍቱና ከቲያትሩ ጌጥ በስተጀርባ የባንኩ ባለዕዳ የሆነ ድሃ ሕዝብ እንዳለ አሳዩ። ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። ቢሆንም ባለዕዳውም ቤት ይቃጠላል፤ ያቺ ሌሊት ስትመጣ ፓምፑን ይዞ የሚደርስለት ጓድ ነበረው።

የሌላቸው ወይም የደከመ ጓድ የነበራቸው ከተሞች መከራ ከባድ ነበር። በ1864 የሲምቢርስክ፣ በ1879 የኢርኩትስክ አብዛኛው ክፍል በእሳት ወደመ። የበጎ ፈቃድ ማኅበራት በየቦታው እየበዙ ሄደው በ1893 በአንድ ሀገር አቀፍ ማኅበር ሥር ተሰባሰቡ። ያኔ የኦስታሽኮቭ ጓድ 50 ዓመት ሆኖት ነበር።

ሩሲያ ዛሬ የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ቀን በኤፕሪል 30 ታከብራለች፤ የ1649ኙ የዛር ትእዛዝ የወጣበት ቀን ነው። ምርጫው ለእኔ ቢሰጠኝ፣ የኦስታሽኮቭ ሰዎች ሳይታዘዙ ባልዲ ያነሡበትን ዓመት እመርጥ ነበር።