ዋጋው በስልክ፣ እህሉ በእጅ

እህል በረንዳ ውስጥ ዛሬ ዋጋ ከመኪናው ቀድሞ ይደርሳል። ወዛደሩ ጆንያውን ሳያወርድ ደላላው ማኛ ጤፍ በስንት እንደዋለ በቴሌግራም አይቶታል። ችግሩ ገዢውም አይቶታል! ታዲያ ዋጋ ነጋሪው ደላላ እንጀራው ቀረ ማለት ነው? አልቀረም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ስልክ ዋጋ ይናገራል እንጂ እህል አይዘግንም። በፎቶግራፍ የነጣ ጤፍ ጆንያው ሲፈታ ሰርገኛ ሆኖ፣ አፈርም ተቀላቅሎበት ሊገኝ ይችላል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሚያዝያ 2000 ዓ.ም. በበቆሎ ግብይት ሲጀምር ለዚሁ ችግር ያመጣው መፍትሔ እህሉን መዝኖ፣ ደረጃ አውጥቶ መጋዘን ማስገባት ነበር። የምርት ገበያው ዋነኛ ሸቀጦች ግን ቡናና ሰሊጥ ሆኑ፤ ጤፉ በረንዳው ላይ ቀረ።

አሁን የሚያሰጋው የክፍያው ፍጥነት ነው። ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ቀብድ በደቂቃ ይላካል። በደቂቃ የሄደ ብር ግን በደቂቃ አይመለስም።

መረቡም ቢሆን ሁልጊዜ አይገኝም። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት ሲቋረጥ ከሁለት ሳምንት በላይ ጠፍቶ ቆይቷል። ያን ጊዜ ለነጋዴው የቀረው የድምፅ ስልክና ቃሉን የሚያምነው ሰው ነበር።

ስለዚህ ገንዘብዎን እህል ላይ ለማዋል ካሰቡ ዋጋውን ከስልክዎ ይስሙ። ቀብዱን ግን እህሉን በእጁ ዘግኖ ያየ፣ ነገም በረንዳው ላይ የማይጠፋ ሰው ሳይዙ አይልቀቁ።