ተጨማሪ መረጃ፦ የሐኪም ጋራ ሙቀት ወደ ቁጥር ሲለወጥ

ከሐረር ጁገል በስተደቡብ ባለው ሐኪም ጋራ ላይ ኤልኤም 35 የተባለ የሙቀት ዳሳሽ ቢተከልና የአየሩ ሙቀት 22 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሆን፣ ዳሳሹ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 10 ሚሊቮልት ስለሚሰጥ 220 ሚሊቮልት ያወጣል። ይህ ቮልቴጅ አናሎግ ነው፤ ማለትም እንደ ጋራው ተዳፋት ያለ እርከን ከፍና ዝቅ ይላል። ማይክሮኮንትሮለር፣ ማለትም በአንድ ቺፕ ላይ የተሠራው ትንሽ ኮምፒውተር፣ የሚያውቀው ግን 0ንና 1ን ብቻ በመሆኑ፣ ሁለቱን የሚያገናኘው በቺፑ ውስጥ ያለው የአናሎግ-ዲጂታል መለወጫ ነው።

በአርዱዊኖ ኡኖ ሰሌዳ ላይ የሚገኘው ኤቲሜጋ 328ፒ የተባለ ማይክሮኮንትሮለር ባለ 10 ቢት መለወጫ ስላለው ከ0 እስከ 5 ቮልት ያለውን ክልል በ1,024 እርከኖች ይከፍላል፤ የአንዱ እርከን ከፍታም 4.9 ሚሊቮልት ገደማ ነው። መለወጫው ቮልቴጁን በትንሽ ካፓሲተር ለቅጽበት ይዞ ካቆየ በኋላ፣ ከትልቁ የሚዛን ድንጋይ ጀምሮ እንደሚመዝን ነጋዴ፣ 512፣ 256፣ 128 እያለ በየጊዜው በግማሽ የሚያንስ ክብደት እየጨመረ 10 ጊዜ ያነጻጽራል፤ ከልክ ያለፈውን ያነሣል፣ ያላለፈውን ይተዋል። በመጨረሻ 32፣ 8፣ 4 እና 1 ሚዛኑ ላይ ስለሚቀሩ ንባቡ 45 ይሆናል።

አንዱ እርከን ግማሽ ዲግሪ ያህል ስለሆነ ከዚያ ያነሰ ለውጥ ላይታይ ይችላል፤ የክልሉን ጣሪያ የሚወስነው ማነጻጸሪያ ቮልቴጅ ከ5 ወደ 1.1 ቮልት ሲወርድ ግን እርከኑ ወደ አንድ አሥረኛ ዲግሪ ይጠባል።