ለሚያስተጋባ ክፍል የድምፅ መሣሪያ ስለ መምረጥ

ቤት የሚሠራ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ፀሐይና ስለ ዝናብ ነው እንጂ በቤቱ ውስጥ ስለሚነገረው ቃል አይደለም። በካርቱም ከተማ ደግሞ በግንቦት ወር ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚወጣ፣ ባለቤቱ የሚመኘው ወፍራም የጡብ ግድግዳ፣ ከፍ ያለ ጣራና እግር የሚያቀዘቅዝ የሸክላ ንጣፍ ነው። እነዚህ ሦስቱ ለሰውነት የሚሰጡትን ዕረፍት ያህል ጆሮን ያስቸግራሉ።

አጎቴ በካርቱም ደይም በሚባለው ሰፈር፣ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ይኖሩበት በነበረው ስፍራ፣ ረጅም ዘመን ተቀምጠዋል። በግንቦት 2010 ዓ.ም. ልጠይቃቸው በሄድሁ ጊዜ በአውሮፓ የምትኖረው ልጃቸው ለቤት ሲኒማ መሣሪያ መግዣ የሚሆን ገንዘብ ልካላቸው ነበር። ዕድሜያቸው ከ70 ዓመት በላይ ሆኖ ጆሯቸው ደክሟል። ማታ ማታ ቤተ ሰቡ በቴሌቪዥኑ ፊት ሲሰበሰብ «ምን አለ? ምን አለች?» እያሉ መጠየቅ ሰልችቷቸው ዝም ማለት ጀምረዋል። ባለቤታቸው ከድካማቸው ይልቅ ይህን ዝምታቸውን ይፈሩት ነበር።

አንድ ማታ በአማርኛ ድራማ ላይ ተዋናዩ ስለ አንድ እንግዳ ሲናገር «ሰውየው ይበላል» አለ። አማርኛን በመማር ላይ ያሉ አንባቢያን እንደሚያውቁት፣ በዚህ ቃል «በ» እና «ላ» ላልተው ሲነገሩ ሰውየው ምግብ ይመገባል ማለት ነው፤ ጠብቀው ሲነገሩ ግን ራሱ ሰውየው የሌላ ቀለብ ይሆናል። አጎቴ ደንገጥ ብለው «ምን አውሬ አገኘው?» ብለው ጠየቁ። ልጆቹ ሳቁ። እርሳቸውም አብረው ፈገግ ካሉ በኋላ ቀስ ብለው ተነሥተው ወደ መኝታቸው ሄዱ፤ በማግሥቱም ማታ አልመጡም።

ማጥበቅና ማላላት በፊደላችን አይታይም፤ የሚለየው በጆሮ ብቻ ነው። በትግርኛም ማጥበቅ ያለ ነገር ሲሆን፣ ስፍራው ከአማርኛው ስለሚለያይ በልጅነቴ የአማርኛ መምህራችን ብዙ ጊዜ አርመውኛል። «በ» ሲጠብቅ ከንፈር ለቅጽበት ተዘግቶ ይቆያል፤ ሰሚው ቃሉን የሚለየው በዚያች አጭር የመዘጋት ጊዜ ነው። በሚያስተጋባ ክፍል ግን የቀደመው ፊደል ድምፅ ከግድግዳ ተመልሶ ያችን ጊዜ ይሞላታል። ስለዚህ ጥፋቱ በሙሉ የአጎቴ ጆሮ አልነበረም። እኔም በዚያው ክፍል የሰማሁት በግምት ነበር።

ክፍሉ 6 ሜትር ርዝመት፣ 4 ሜትር ወርድና 3 ሜትር ተኩል ከፍታ አለው። ሁሉም ከወጡ በኋላ በመካከሉ ቆሜ አንድ ጊዜ አጨበጨብሁ፤ ድምፁ እንደ ተወረወረ ሳንቲም እየነጠረ ቆይቶ ጠፋ።

ይህን ችግር በሳይንስ መንገድ የመረመረው ዋላስ ክሌመንት ሳቢን የተባለው አሜሪካዊ የፊዚክስ መምህር ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ አዲስ የተሠራው የፎግ ሙዚየም የንግግር አዳራሽ ቃል የማይለይበት ሆኖ ስለ ተገኘ፣ መላ እንዲፈልግለት ታዘዘ። በዚያ አዳራሽ አንድ ድምፅ 5 ሴኮንድ ተኩል ያህል ሳይጠፋ ይቆይ ነበር። ሳቢን ከረዳቶቹ ጋር ሌሊት ሌሊት ከሳንደርስ ቴአትር የወንበር ትራሶችን እያስመጣ በአዳራሹ ውስጥ ይደረድራል፤ የኦርጋን ቧንቧ አስነፍቶ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ በሰዓት ይለካል፤ ሲነጋም ትራሶቹን ወደ ቦታቸው ይመልሳል። ከዚህ ድካም የተገኘው ሒሳብ ቀላል ነው። የክፍሉ ይዘት በሜትር ኩብ ተለክቶ በ0.161 ይባዛል፤ ከዚያም በክፍሉ ውስጥ ድምፅን በሚውጠው ነገር መጠን ይካፈላል።

የአጎቴ ክፍል ይዘቱ 84 ሜትር ኩብ ነው። ልስን ግድግዳና ሸክላ ድምፅን እጅግ ጥቂት ስለሚውጡ፣ ሰዎቹና አልጋዎቹ ተጨምረው እንኳ ድምፁ ከ2 ሴኮንድ በላይ እንደሚቆይ ሒሳቡ አሳየኝ። ለንግግር የሚመቸው የቤት ክፍል የሚያቆየው ግማሽ ሴኮንድ ያህል ነው።

ይህን ይዤ በሱቅ ዐረቢ ገበያ ወደ አንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ ነጋዴ ዘንድ ሄድሁ። እርሱም «ያ ኡስታዝ» ብሎ በአክብሮት ተቀብሎ ሻይ ካስመጣልኝ በኋላ ዐሥራ አንድ እስፒከር የሚያዝ ፕሪአምፕ ፕሮሰሰር አቀረበልኝ። ፕሪአምፕ ፕሮሰሰር የሚባለው ከዲስክ ወይም ከሳተላይት የመጣውን ድምፅ ተቀብሎ፣ የትኛው ወደየትኛው እስፒከር እንደሚሄድ ከፋፍሎና መጠኑን ወስኖ ለአምፕሊፋየሩ የሚያስረክብ መሣሪያ ነው። የመጣውን ደብዳቤ መዝግቦ ለየክፍሉ የሚመራ መዝገብ ቤት ብንለው አንሳሳትም። ነጋዴው «ይህ መሣሪያ በማይክሮፎኑ ክፍሉን ራሱ ይለካል፤ ራሱም ያስተካክለዋል» አለኝ። ግማሹ እውነት ነበር።

በእርግጥ እንዲህ ያለው መሣሪያ እስፒከሮቹ ከተቀማጩ ያላቸውን ርቀት ለክቶ ድምፃቸው በአንድ ጊዜ እንዲደርስ ያደርጋል። ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ግን በወፍራሙ ድምፅ ላይ ነው። በ30 ዲግሪ ሙቀት ድምፅ በሴኮንድ 350 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ 6 ሜትር በሚረዝም ክፍል በሴኮንድ 29 ጊዜ የሚርገበገበው ድምፅ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል እየተመላለሰ በራሱ ላይ ይደራረባል። በ4 ሜትሩ ወርድ 44፣ በጣራውና በወለሉ መካከል 50 የሚርገበገበው እንዲሁ ያደርጋል። በዚህ ጊዜ አንዱ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ነጎድጓድ ሲሰማ ሁለተኛው ምንም አይሰማም። መሣሪያው ያለ ልክ የጎላውን ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። የጠፋውን ግን ከፍ አደርጋለሁ ቢል በከንቱ ይደክማል፤ በ10 ዴሲቤል ለማሳደግ ከአምፕሊፋየሩ ዐሥር እጥፍ ኃይል ይጠየቃል፤ የተጨመረውም ድምፅ እንደ ቀደመው ራሱን በራሱ ያጠፋል።

ከግድግዳና ከሸክላ የሚመለሰውን የንግግር ማስተጋባት ግን ማጥፋት አይችልም። በኡፕሳላ እ.ኤ.አ. በ2001 የተቋቋመው የስዊድኑ ዲራክ ከ2023 ወዲህ አንዱ እስፒከር የሌላውን ቅሬታ ድምፅ እንዲያጠፋ የሚያደርግ ዘዴ አውጥቷል። ይህም ቢሆን የሚሠራው በሴኮንድ እስከ 150 ጊዜ ለሚርገበገበው ወፍራም ድምፅ ነው፤ ቃልን ከቃል የምንለይባቸው ቀጫጭን ድምፆች ከዚያ እጅግ በላይ ናቸው።

ስለዚህ ነጋዴውን አመስግኜ ዐሥራ አንዱን እስፒከር ተውሁት። በሚያስተጋባ ክፍል የእስፒከር ብዛት የሚናገሩትን ሰዎች ማብዛት ነው። የመረጥሁት በፊት ለፊት ሦስት እስፒከርና አንድ ሰብዎፈር የሚበቃው፣ ዋጋውም የተላከው ገንዘብ ግማሽ የሚሆን መሣሪያ ነበር። የመረጥሁበት ምክንያት ሦስት ነው። ከብዙ የመቀመጫ ስፍራዎች እየለካ ያመዛዝናል፤ ማስተካከሉም በሴኮንድ ከ200 ጊዜ በታች በሚርገበገበው ላይ ብቻ እንዲወሰን ማዘዝ ይቻላል፤ ንግግር የሚወጣበትን የመካከለኛውን እስፒከር ብቻውን ከፍ ማድረግ ያስችላል። ይህ ሦስተኛው ለደከመ ጆሮ ከሁሉ ይበልጣል። መብራት በየጊዜው ሲጠፋና ሲመጣ እንዳያቃጥለው የኤሌክትሪክ ኃይል ማስተካከያ ጨመርሁ። በተዘጋ ቁም ሣጥን ውስጥ አላስቀመጥሁትም፤ በካርቱም ሙቀት እንዲህ ያለ ዕቃ ያለ አየር ብዙ አይቆይም።

የቀረውን ገንዘብ ለምንጣፍ፣ ለወፍራም መጋረጃና ለጥጥ ትራስ ማዋሉ በቤት ውስጥ ክርክር አስነሣ። የአጎቴ ባለቤት «ልጄ፣ ልጅቱ የላከችው ለመሣሪያ ነው፤ ጨርቅማ በቤታችን መች ጠፋ? ደግሞስ በዚህ ሙቀት መጋረጃ ተጋርዶ ማን ይተነፍሳል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። መጋረጃው በመስኮቱ ላይ መሆኑ ቀርቶ ከእስፒከሮቹ ትይዩ ባለው ባዶ ግድግዳ ላይ፣ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያህል ፈቀቅ ብሎ ተሰቀለ። ፈቀቅ ብሎ የተሰቀለ ጨርቅ ከግድግዳ ከተጣበቀው የበለጠ ድምፅ ይውጣል። ምንጣፉ በመቀመጫውና በእስፒከሮቹ መካከል ተነጠፈ። ሁሉም በሒሳቡ ሲጨመር ድምፁ ወደ 0.7 ሴኮንድ ይወርዳል። አጨበጭቤ ባየሁ ጊዜ ሳንቲሙ መንጠሩን ትቷል።

ማይክሮፎኑን ያቆምሁት የንጋት አዛን ካለቀ በኋላ፣ የመንገዱ ጫጫታ ሳይጀምር ነው። ቬንቲሌተሩና የውኃው ማቀዝቀዣ ጠፍተው ቤተ ሰቡ እያላበው ሩብ ሰዓት ያህል ዝም ብሎ ተቀመጠ፤ ከልጆቹ አንዱ ባነጠሰ ጊዜ እንደገና ጀመርን።

አጎቴ በዚያ ማታ ስፍራቸውን ይዘው እስከ መጨረሻው ተቀመጡ። «ምን አለ?» ያሉት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ አንዱንም ጊዜ እኛም አልሰማነውም ነበር። የማቀዝቀዣውን ጩኸት ግን ልናሸንፈው አልቻልንም። እርሱ ሲሠራ ቀጫጭኑ ድምፅ ይሸፈናል፤ ሲጠፋ ደግሞ ሰው ይታፈናል። በመጨረሻ ሳሎኑ ከማታ በፊት እንዲቀዘቅዝና በድራማው ሰዓት ማቀዝቀዣው እንዲጠፋ ተስማማን።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ተነሣ። አጎቴና ባለቤታቸው በገዳሪፍ አድርገው በመተማ በኩል ገቡ፤ መሣሪያውም መጋረጃውም እዚያው ቀሩ። በአዲስ አበባ የተከራዩት ክፍል ከቀድሞው ያነሰ ቢሆንም ወለሉ እንደዚያው ሸክላ ነው። ልጃቸው እንደገና ገንዘብ ልካ ምን እንደሚገዛ በጠየቅኋቸው ጊዜ የአጎቴ ባለቤት «ልጄ፣ መጀመሪያ ምንጣፉን ፈልግልን፤ መሣሪያው ይቆየን» አሉኝ።