ምዕራፍ 7፦ የትኛው ጫፍ ቀድሞ ይልቀቅ? ስለ ስታብላይዘር ምርጫ

የስፖርት መኪና ባለቤት ትንሽ ገንዘብ ሲተርፈው ዓይኑ ቶሎ ከሚያርፍባቸው ዕቃዎች አንዱ ወፍራም ስታብላይዘር ነው። ዋጋው ከጥሩ ሞላና ሾክ አብዞርበር ያንሳል፣ ገጠማው ብዙ ጊዜ አይፈጅም፣ ለውጡም በመጀመሪያው ኩርባ ላይ ይታወቃል። ሻጩ «ከእንግዲህ መኪናዎ አያጋድልም» ይላል፤ እውነቱን ነው። አለማጋደልና መንገድ ይዞ መሄድ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ እሱን አይነግርዎትም።

ዕቃው ራሱ ቀላል ነው። ከመኪናው ሥር ከግራ ወደ ቀኝ የተዘረጋ፣ ሁለቱ ጫፎቹ እንደ ክንድ የታጠፉ የብረት ዘንግ ነው። መሀሉ በሁለት ጎሚኒ ታቅፎ ከሻንሲው ጋር ይታሰራል፤ ክንዶቹ ደግሞ በአጫጭር ሊንኮች ከግራና ከቀኝ እግሮች ጋር ይያያዛሉ። አሠራሩ እንዲገባዎት ሁለት ሰዎች የታጠበ ጋቢ ሲጨምቁ ያስቡ። አንዱ ወደ ቀኝ ሌላው ወደ ግራ ሲጠመዝዝ ጋቢው ይከራል፤ ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ካዞሩት ግን አብሯቸው ይዞራል እንጂ አይጨመቅም። ስታብላይዘርም ሁለቱ ጎማዎች እኩል ሲነሡ፣ ለምሳሌ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ቀጥ ብለው ሲያልፉ፣ ሥራ የለውም። መኪናው ታጥፎ አንዱ ጎን ሲጫንና ሌላው ሲቀልል ይጠመዘዛል፤ ለመጠምዘዝ በተቸገረ መጠን አካሉ እንዳያጋድል ይይዘዋል። ሐሳቡ የቆየ ነው፤ ካናዳዊው ስቲቨን ኮልማን የፈጠራ መብት ያገኙበት እ.ኤ.አ. በ1919 ነበር።

ነገሩ የሚጠጥረው ከዚህ በኋላ ነው። 1,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ የክብደት ማዕከሉ ከመሬት ግማሽ ሜትር ከፍ ያለ፣ በግራና በቀኝ ጎማዎቹ መካከል 1.4 ሜትር ያለው መኪና እንውሰድ። የክብደቱን 0.8 እጥፍ በሚያህል የጎን ኃይል ሲታጠፍ ወደ 285 ኪሎ ግራም የሚሆን ጫና ከውስጠኛው ጎን ተነሥቶ ወደ ውጭኛው ይሻገራል። ይህን ቁጥር የሚወስኑት ክብደቱ፣ ከፍታው፣ የጎማዎቹ ርቀትና መኪናው የታጠፈበት ብርታት ናቸው። ስታብላይዘር ከወሳኞቹ መካከል የለበትም። የፈለጉትን ያህል ወፍራም ዘንግ ቢገጥሙ ቁጥሩ ከዚያው ብዙም አይርቅም። ዘንጉ የሚወስነው ከዚህ ጫና ምን ያህሉ በፊት ጎማዎች፣ ምን ያህሉ በኋላ ጎማዎች በኩል እንደሚሻገር ነው።

የጎማ ጠባይ ደግሞ እንዲህ ነው፦ ጫናው በእጥፍ ሲጨምርበት የመያዝ አቅሙ በእጥፍ አይጨምርም። ስለዚህ ከሁለቱ የፊት ጎማዎች አንዱ እጅግ ተጭኖ ሌላው ከቀለለ፣ ሁለቱ አንድ ላይ የሚይዙት እኩል ተጭነው ከሚይዙት ያንሳል። የፊቱን ስታብላይዘር ሲያጠነክሩ ፊቱ ቀድሞ ይለቃል፤ መሪውን አጥፈውት እያለ መኪናው ወደ ኩርባው ውጭ ይገፋል። የኋላውን ሲያጠነክሩ ጭራው ቀድሞ ይወረወራል። ገንዘብዎን የሚያወጡት እንግዲህ የትኛው ጫፍ ቀድሞ እንደሚሸነፍ ለመወሰን ነው። ሞተሩ ከኋላ የተቀመጠበት የፖርሽ 911 ባለቤት ጭራውን ለማረጋጋት ሲል ፊቱን ያጠነክራል። በፊት ጎማዎቹ የሚነዳው የጎልፍ ጂቲአይ ባለቤት ግን ከኋላ ይጀምራል። በውድድር ላይ እንዲህ ያለ መኪና አንድ የኋላ እግሩን አንሥቶ ሲታጠፍ ያያሉ። ያስደነግጣል፤ ሆኖም ያንን ጎማ ሞተር ስለማይነዳው ቢነሣም የሚቀር ጉልበት የለም።

ደንቡ ሳይሸራረፍ አይሠራም። እንደ ቶዮታ 86 እና ሱባሩ ቢአርዜድ ፊታቸው በማክፈርሰን ስትራት የቆመ መኪኖች አካላቸው ሲያጋድል የውጭኛው የፊት ጎማም አብሮ ይዘምምና በጠርዙ መሄድ ይጀምራል። የፊቱ ስታብላይዘር ማጋደሉን ሲቀንስ ጎማው በሙሉ ፊቱ መሬት ይረግጣል፤ በአንድ እጅ የወሰደውን በሌላው እጅ ይመልሳል፣ አንዳንዴም አትርፎ። «የጓደኛዬ መኪና ላይ ሠርቷል» የሚለው ማስረጃ ደካማ የሚሆነው ለዚህ ነው። የጓደኛዎ መኪና እግር የተሠራው በሌላ መንገድ ሊሆን ይችላል።

ስለ ውፍረት፦ የጥጥር ዘንግ ጥንካሬ የሚያድገው በዲያሜትሩ አራተኛ ፓወር ነው። የፋብሪካው ዘንግ 20 ሚሊ ሜትር ቢሆንና በ22 ቢቀይሩት፣ ለዓይን እምብዛም የማይታየው ልዩነት 46 በመቶ ጥንካሬ ይጨምራል። በ25 ከቀየሩት ደግሞ ሁለት እጥፍ ተኩል ሊሞላ ምንም አይቀረውም። በዚሁ ሕግ ምክንያት የዘንጉ መሀል ብዙም አይሠራም። 25 ሚሊ ሜትር ሆኖ የግድግዳው ውፍረት 4 ሚሊ ሜትር የሆነ ክፍት ቱቦ ከጥጥሩ በ46 በመቶ ገደማ ይቀልላል፤ የሚያጣው ጥንካሬ ግን 21 በመቶ ብቻ ነው። ዋጋው ካልከበደዎት ክፍቱን ይምረጡ። ካታሎግ ላይ የሚጻፈውን መቶኛ ግን ሙሉ በሙሉ አይመኑ። የሚያወዳድረው ዘንግን ከዘንግ ጋር ነው፤ ማጋደልን ሞላዎቹም ስለሚከለክሉ በመኪናው ላይ የሚደርሰው ጭማሪ ከተጻፈው ያነሰ ነው። ክንዱ ላይ ሁለት ሦስት ቀዳዳ ያለው ዘንግ ካገኙ ሌላውን ሁሉ ይተዉት። ሊንኩን ወደ ውስጠኛው ቀዳዳ ሲያዛውሩት ክንዱ ያጥርና ዘንጉ ይጠነክራል፤ ወደ ውጭኛው ሲመልሱት ይለዝባል። ምርጫዎ ባይስማማዎት ማስተካከያው ሁለት ቡሎን መፍታት ብቻ ነው።

ለልምምድ ከማዝዳ ኤምኤክስ-5 የሚሻል መኪና አላውቅም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1989 በቺካጎ የመኪና ትርኢት ታየ፣ በ2016 አንድ ሚሊዮንኛው ተመረተ፤ ስለዚህ መለዋወጫ ሞልቶለታል። የመጀመሪያው ትውልድ ከፊትም ከኋላም ባለ ሁለት ክንድ እግር አለው፤ የፋብሪካው ስታብላይዘር ከፊት ወፈር፣ ከኋላ ቀጠን ያለ ነው። ባለቤቱ በተለምዶ የፊትና የኋላውን ጥንድ አድርጎ ይገዛል። ችግሩ የሚመጣው የኋላውም ሲወፍር ነው። ከኩርባ ሲወጡ ነዳጅ ሲረግጡ ውስጠኛው የኋላ ጎማ ይቀልላል፤ ዲፈረንሻሉ ተራ ከሆነ ጉልበቱ ሁሉ ወደዚያ ወደ ቀለለው ጎማ ይሄድና በከንቱ ይሽከረከራል። ብዙ ተወዳዳሪዎች ፊቱን አወፍረው ኋላውን ቀጭን የሚተዉት፣ አንዳንዶቹም ጭራሹን የሚፈቱት ለዚህ ነው። ሌላ መታወቅ ያለበት ነገር፣ የዚህ መኪና የፊት ስታብላይዘር ማሰሪያ ለወፍራም ዘንግ የተሠራ አለመሆኑ ነው። በብርቱ ሲነዳ ሊቀደድ ስለሚችል ማጠናከሪያ ብረት ተሠርቶለት ይሸጣል፤ ከዘንጉ ጋር አብረው ይግዙት።

የአሜሪካው የስፖርት መኪና ክለብ፣ ኤስሲሲኤ፣ በሶሎ ውድድሩ ስትሪት ለሚባለው ምድብ ከፊትና ከኋላ አንዱን ስታብላይዘር ብቻ መቀየር ይፈቅዳል። ገደቡ የውድድር ይሁን እንጂ ለተራ ነጂም ይበጃል። ሁለቱን በአንድ ቀን የቀየረ ሰው የተሰማው ለውጥ ከየትኛው እንደመጣ ማወቅ አይችልም።

አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ወፍራም ዘንግ ንቅናቄውን ለሌላው ጎን ያካፍለዋል፤ መንገድዎ የተቦረቦረ ከሆነ ራስዎ ግራ ቀኝ ይወዛወዛል። ገጠማ ላይ ደግሞ ሊንኮቹ የሚጠብቁት መኪናው በጎማዎቹ ቆሞ፣ በተስተካከለ መሬት ላይ፣ ቢቻል ነጂው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ መሆን አለበት። ካልሆነ ዘንጉ ከመነሻው ተጠምዝዞ ይታሰርና መኪናው በግራና በቀኝ ኩርባ ሁለት ዓይነት ጠባይ ያሳያል። የፖሊዩሬቴን ጎሚኒ ከላስቲኩ ይልቅ ጥብቅ ነው፤ ግሪሱ ሲደርቅ ግን ያንጫርራል።

ከሁሉ በፊት ጥሩ ጎማ ይግዙ፤ ያረጁትን ጎሚኒዎችና ሊንኮች ይቀይሩና መኪናውን እንደገና ይሞክሩት። ከዚያም አሁንም ካጋደለብዎት፣ የመጀመሪያው ትውልድ ኤምኤክስ-5 ባለቤት ከሆኑና ዲፈረንሻሉ ተራ ከሆነ፣ ባለ ቀዳዳ የፊት ስታብላይዘር ብቻ ገጥመው የኋላውን እንደ ፋብሪካው ይተዉት።