የቫሳሎ ስም ከየት መጣ?

ልደታ፣ ከፍተኛው ፍርድ ቤት አካባቢ፣ ማመልከቻ የሚያስጽፍ ባለጉዳይ የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ይደረድራል። ነገ ልጁ ቢመጣ አያት የነበረው ቅድመ አያት ይሆንና ከወረቀቱ ይወጣል። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 32 ሳይለወጥ የሚወረስ የቤተ ዘመድ ስም እንዲኖረን ደንግጎ ነበር፤ ልማዱ ግን አልተበገረም።

በዚህ ልማድ ያደገ ሰው የ1954ቱን የአፍሪካ ዋንጫ ቡድን ስም ዝርዝር ሲያነብ ሁለት ስሞች ላይ ይቆማል፦ ሉቻኖ ቫሳሎ እና ኢታሎ ቫሳሎ። ወንድማማቾች ናቸውና ቫሳሎ የአባታቸው መጠሪያ ይመስላል። አይደለም። ከአባት ወደ ልጅ እንዳለ የሚወርድ የጣሊያን ቤተሰብ ስም ነው።

ፍለጋው ወደ መካከለኛው ዘመን አውሮፓ ይወስዳል። ለመሳፍንት ታማኝነቱን ምሎ፣ በምላሹ መሬት ተቀብሎ የሚያድር ሰው ቫሳሎ ይባል ነበር። የሰውየው ማዕረግ ቀስ በቀስ የዘር መጠሪያ ሆነ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1563 እ.ኤ.አ. በትሬንት ጉባኤ የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ እንዲያዝ ማዘዟ ደግሞ እንዲህ ያሉ ስሞች እንዲጸኑ ረዳ። ቫሳሎ ዛሬ በሲሲሊ፣ በኔፕልስ ዙሪያና በሊጉሪያ በብዛት ይገኛል፤ በማልታም የተለመደ ነው።

ወደ እኛ ያመጣው ቅኝ ግዛት ነው። ሉቻኖ በ1927 አስመራ ውስጥ ከጣሊያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት ተወለደ። አራት ዓመቱ ሳለ፣ በግንቦት 1932፣ የፋሺስቱ መንግሥት ከአገሬው ሴት የተወለደን ልጅ ጣሊያናዊ አባቱ ልጄ ብሎ እንዳይቀበለው፣ ስሙንም እንዳያወርሰው በሕግ ከለከለ። አባት ቢወድም ባይወድም፣ ልጁ የእናቱ ብቻ እንዲሆን ተፈረደበት። ሕጉ የተሻረው ፋሺዝም ከወደቀ በኋላ፣ በ1939 ነው።

ጥር 13 ቀን 1954 ያ ስም አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ ተጠራ። ኢትዮጵያ በግብፅ 2 ለ 1 ስትመራ፣ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩ አምበሉ ሉቻኖ አቻ አደረገ። በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አገቡ። 4 ለ 2። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው ሉቻኖ ቫሳሎ ነበር።

የቤተሰብ ስም የአባትን መስመር ብቻ ይናገራል፤ ያሳደገችውን እናት ይሸፍናል። ሉቻኖ ግን ለሕይወት ታሪኩ መጽሐፍ የሰጠው ርእስ እናቱን የሚጠራ ነው። ከቤተሰባችሁ የጣሊያን ስም የያዘ ካለ፣ ስሙን ለመዝገብ ስታስጽፉ የእናቲቱንም ስም አብራችሁ አስጽፉ። ያን ዘር እዚህ አገር ያቆዩት እናቶች ናቸው።