በስዊች ሞጁሎች መካከል ድርብ መስመሮችን ማዛወር

ድርብ መስመር በዳታ ሴንተር ኔትዎርክ ውስጥ ሁለት መሣሪያዎችን ከአንድ በላይ በሆኑ ኬብሎች በማገናኘት፣ አንዱ ኬብል ቢቋረጥ ሌላው ሥራውን እንዲቀጥል የሚያደርግ ግንኙነት ነው። ትላልቅ ስዊቾች አንድ ወጥ ሣጥን አይደሉም። ቻሲ በሚባለው አካላቸው ውስጥ እንደ መሳቢያ የሚገቡና የሚወጡ ሞጁሎች አሏቸው፤ ኬብሎች የሚሰኩባቸው ፖርቶችም በእነዚህ ሞጁሎች ላይ ይገኛሉ። ሞጁሉ ሲያረጅ፣ ሲበላሽ ወይም ፍጥነቱ አልበቃ ሲል መስመሮቹን ወደ ሌላ ሞጁል ማዛወር ያስፈልጋል። ሥራው ሲታይ ኬብል ነቅሎ መሰካት ይመስላል። ችግሩ ግን ዝውውሩ በሚካሄድበት ሰዓት መጠባበቂያው ራሱ በከፊል ወይም በሙሉ ከሥራ ውጭ መሆኑ ነው።

መነሻ

በኢተርኔት ኔትዎርክ ሁለት ስዊቾችን በሁለት ኬብል ማገናኘት ያለ ጥንቃቄ ከተደረገ ጉዳት አለው። ለሁሉም የተላከ መልእክት በአንዱ ኬብል ሄዶ በሌላው ይመለሳል፤ እንደገናም ይሄዳል። ዙሩ ስለማያልቅ ኔትዎርኩ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይጨናነቃል። ይህን ለመከላከል ራዲያ ፐርልማን እ.ኤ.አ. በ1985 በዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን ውስጥ ስፓኒንግ ትሪ የተባለውን ዘዴ ፈጠረች። ዘዴው ዙር የሚፈጥረውን ተጨማሪ መስመር ዘግቶ ያቆየዋል፤ የሚከፍተው ሌላው ሲቋረጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለት ኬብል ተገዝቶ የሚሠራው አንዱ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው 802.3ኤዲ የተባለው ደንብ ብዙ ኬብሎችን አጣምሮ እንደ አንድ መስመር መጠቀም የሚቻልበትን ወጥ መንገድ ሰጠ። ጥምሩ በብዛት ፖርት ቻናል ይባላል። ስዊቹ የላኪውንና የተቀባዩን አድራሻ አስልቶ እያንዳንዱን ግንኙነት ለአንድ ኬብል ይመድባል። በዚህ ምክንያት ባለ 10 ጊጋቢት ሁለት ኬብሎች በድምሩ 20 ጊጋቢት ቢሸከሙም፣ አንድ ፋይል ከአንድ ሰርቨር ወደ ሌላ በአንድ ግንኙነት ሲላክ ከ10 በላይ አያገኝም።

የጥምሩ ሁለት ጫፎች በሕይወት መኖራቸውን የሚያረጋግጡት ኤልኤሲፒ በተባለ ፕሮቶኮል ነው። በዝግታው አሠራር በየ30 ሰከንዱ አንድ መልእክት ይላካል፤ 90 ሰከንድ ምንም ካልተሰማ መስመሩ እንደሞተ ይቆጠራል። በፈጣኑ አሠራር መልእክቱ በየ1 ሰከንዱ ሲሆን የጥበቃው ጊዜ 3 ሰከንድ ነው። ይህ ልዩነት በዝውውር ጊዜ ዋጋ አለው።

ሁለት ስዊቾች እንደ አንድ

ሁለቱም ኬብሎች አንድ ስዊች ላይ ካረፉ፣ ስዊቹ ሲጠፋ ሁለቱም አብረው ይጠፋሉ። ከአንድ ትራንስፎርመር ሁለት የመብራት ገመድ እንደመሳብ ነው። ስለዚህ አንዱን ኬብል ወደ አንድ ስዊች፣ ሌላውን ወደ ሁለተኛው ወስዶ ሁለቱ ስዊቾች ለሰርቨሩ አንድ መስለው እንዲታዩ ማድረግ ተለመደ። ይህ አሠራር በብዙ አምራቾች ዘንድ ኤምላግ ይባላል፤ ሲስኮ ኔክሰስ በተባሉት ስዊቾቹ ላይ ቪፒሲ ይለዋል።

ሁለቱ ስዊቾች የሚነጋገሩት ፒር ሊንክ በተባለ ድርብ መስመር ነው። የትኛው መሣሪያ የት እንዳለ የሚገልጹትን የማክ አድራሻዎች የሚለዋወጡት በዚሁ ነው። ከእሱ ጎን፣ ኪፕአላይቭ የሚባል ሌላ ቀጭን ግንኙነት አለ። ሥራው «አለሁ» ማለት ብቻ ነው፤ የተለየ ነገር ካልታዘዘ በየ1 ሰከንዱ ይላካል።

ፒር ሊንኩ ተቋርጦ ኪፕአላይቩ ከሠራ፣ ሁለተኛ ደረጃ ያለው ስዊች ጓደኛው በሕይወት እንዳለ ስለሚያውቅ የራሱን የቪፒሲ ፖርቶች ይዘጋል፤ ሥራው ሁሉ በአንደኛው በኩል ያልፋል። ሁለቱም ከተቋረጡ ግን እያንዳንዱ ስዊች ብቻውን የቀረ ይመስለዋል። ሁለቱም እንደ አለቃ መሥራት ይጀምራሉ። የዚህ ሥርዓት ከባዱ ብልሽት ይኸው ነው። ኪፕአላይቩን በፒር ሊንኩ ላይ ማሳለፍ የተከለከለውም በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ዓይነት ወደሆነ ሞጁል ማዛወር

አሮጌውና አዲሱ ሞጁል አንድ ዓይነት ከሆኑ ሥራው ቀላል ነው። በቅድሚያ አዲሶቹ ኬብሎች ይሰካሉ፣ ወደ ጥምሩ ይጨመራሉ፣ ትራፊክ መሸከማቸውና የስህተት ቆጣሪያቸው አለመጨመሩ ይታያል። አሮጌዎቹ የሚወጡት ከዚያ በኋላ፣ አንድ በአንድ ነው። በእያንዳንዱ ለውጥ የተወሰኑ ግንኙነቶች ወደ ሌላ ኬብል ይመደባሉ፤ ቀሪዎቹ ኬብሎች ጭነቱን የሚችሉ መሆናቸውም አስቀድሞ መታየት አለበት።

ኬብሉ ከመነቀሉ በፊት ፖርቱ በትእዛዝ ይዘጋል። ሁለቱ ስዊቾች በቀጥታ ከተገናኙ ድንገተኛ መንቀልም በሁለቱም በኩል ወዲያው ይታወቃል። በመካከላቸው ሌላ የፋይበር ማስተላለፊያ መሣሪያ ካለ ግን ወዲያኛው ጫፍ ብርሃን እንዳለ ሊያይ ይችላል፤ በዝግታው የኤልኤሲፒ አሠራር እስከ 90 ሰከንድ ድረስ ወደሞተ መስመር መላኩን ይቀጥላል።

የተለየ ዓይነት ወደሆነ ሞጁል ማዛወር

በኔክሰስ 7000 ላይ ኤም እና ኤፍ የሚባሉ የሞጁል ቤተሰቦች አሉ። የኤም ሞጁሎች ሰፊ የራውቲንግ ሠንጠረዥ የሚይዙ ሲሆኑ፣ የኤፍ ሞጁሎች ለፈጣን ስዊቺንግ የተሠሩ ናቸው። የአንድ ፖርት ቻናል አባላት ከሁለቱ ቤተሰቦች መቀላቀል አይችሉም፤ የፒር ሊንኩ ሁለት ጫፎችም አንድ ዓይነት ሞጁል ላይ ማረፍ አለባቸው። ስለዚህ አዲሱን አስገብቶ አሮጌውን የማውጣት ዘዴ እዚህ አይሠራም። ፒር ሊንኩ ለተወሰነ ጊዜ መቋረጡ የግድ ነው።

መፍትሔው የመቋረጡን ሰዓትና አኳኋን መምረጥ ነው። አዲሱ ፖርት ቻናል በሁለቱም ስዊቾች ላይ አስቀድሞ ይዘጋጃል፤ ኬብሎቹም ይፈተሻሉ። ኪፕአላይቩ እየሠራ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ አሮጌው ፒር ሊንክ ይዘጋል። ሁለተኛው ስዊች የቪፒሲ ፖርቶቹን ይዘጋል፣ አንደኛው ብቻውን ይሸከማል፣ የፒር ሊንክነቱ ሥራ ለአዲሱ ቻናል ይሰጣል። አዲሱ ሲነሳ ሁለተኛው ስዊች ሠንጠረዦቹን እስኪሞላ ጥቂት ጠብቆ ፖርቶቹን ይከፍታል፤ ይህ ቆይታ ካልተቀየረ 30 ሰከንድ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ብዙ ጊዜ ይዘነጋሉ። አንደኛው፣ በሁለተኛው ስዊች ላይ ብቻ በአንድ ኬብል የተሰኩ መሣሪያዎች ከቀሪው ኔትዎርክ ሊቆረጡ ይችላሉ። በቴክኒኩ ቋንቋ «ወላጅ አልባ» ይባላሉ፤ ከሥራው በፊት ተለቅመው መታወቅ ይኖርባቸዋል። ሌላው የደረጃው ጉዳይ ነው። ከቀድሞ ብልሽት በኋላ አንደኛ ተብሎ የተመደበው ስዊች ሲመለስ ደረጃውን በራሱ አያስመልስም። ስለሆነም በወረቀት ላይ ሁለተኛ የተባለው በተግባር አንደኛ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። መታየት ያለበት የተጻፈው ሳይሆን ስዊቹ በዚያ ሰዓት የያዘው ደረጃ ነው።

የጊትሐብ መቋረጥ

እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ (ዲሴምበር) 22 ቀን 2012 የጊትሐብ ድርጅት በኤምላግ የተጣመሩ ስዊቾቹን ሶፍትዌር ሲያሻሽል፣ አንዱ ስዊች የሌላውን ሥራ በታሰበው ፍጥነት አልተረከበም። ኔትዎርኩ ለ90 ሰከንድ ያህል ተቋረጠ። ችግሩ በዚህ አላበቃም። በጥንድ የተደራጁት የፋይል ሰርቨሮች ጓደኛቸው የሞተ ስለመሰላቸው አንዱ ሌላውን ለማጥፋት ትእዛዝ ላኩ። ጣቢያውን ወደነበረበት ለመመለስ ሰዓታት ፈጅቷል። ኔትዎርኩ ላይ አጭር የሚመስል ክፍተት ከላይ ባሉት ሥርዓቶች ዘንድ ምን ያህል ረጅም እንደሆነ የሚያሳይ ስለሆነ ጉዳዩ በዘርፉ ተደጋግሞ ይጠቀሳል።

ከዝውውሩ በኋላ

መስመሩ መነሳቱ ብቻ ሥራው በትክክል ማለቁን አያሳይም። የቆሸሸ የፋይበር ጫፍ መስመሩን ሳይቆርጥ ስህተት ሊያበዛ ስለሚችል ቆጣሪዎቹ በማግሥቱም ይታያሉ። የተለመደው ጉድለት ግን ከዚህም የቀለለ ነው፦ በችኮላ ሁለቱም አዲስ ኬብሎች ባዶ ፖርት ባለው አንድ ሞጁል ላይ ይሰካሉ። ስዊቹ ሁለት አባላት እንዳሉ ያሳያል፤ ማስጠንቀቂያም አይሰጥም። ይህ የሚታወቀው ሞጁሉ በጠፋ ቀን ነው።